ካምፐርዎን ለብርድ ወራት ማሰናዳት፦ ስለ ውሃ መስመሩ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የምኖረው ኮሎራዶ፣ አውሮራ ውስጥ ነው። ባለ 16 ጫማ ተጎታች ካምፐር፣ ማለትም መኪና የሚጎትተው መኝታና ኩሽና ያለው ቤት፣ አለችኝ፤ ስገዛት ያገለገለች ነበረች። መስቀል ካለፈ በኋላ ባሉት ሁለት ሳምንታት ስልኬ ዕረፍት የለውም። ካምፐር የገዙ የአገር ልጆች ይደውላሉ፣ ጥያቄዎቻቸውም ከዓመት ዓመት አይለወጡም። አሁን በአንድ ቦታ ጻፍኳቸው። “ክረምት” የሚለውን ቃል ሆን ብዬ ትቼዋለሁ። ለእኛ ክረምት ከሰኔ እስከ መስከረም ያለው ዝናብና ጭቃ ነው፤ እዚህ የማወራው ከኦክቶበር እስከ ኤፕሪል ስላለው ቁር ስለሆነ “የብርድ ወራት” እለዋለሁ።

ውሃው በረዶ ቢሠራ በጸደይ መልሶ ይቀልጥ የለም ወይ? ምን ያስጨንቃል?

ይቀልጣል። ጉዳቱ የሚደርሰው ግን ከመቅለጡ በፊት ነው። ውሃ በረዶ ሲሆን መጠኑ 9 በመቶ ያህል ይጨምራል። ብዙ ሰው በረዶው ቧንቧውን ወደ ጎን ገፍቶ የሚሰነጥቀው ይመስለዋል። አብዛኛውን ጊዜ የሚሆነው ሌላ ነው፦ በረዶው መስመሩን እንደ ቡሽ ይወትፈዋል፤ እየሰፋ በሄደ ቁጥርም በእሱና በተዘጋው የቧንቧ ራስ መካከል የቀረውን፣ ገና ያልረጋውን ውሃ ይገፋዋል። ውሃ በቀላሉ አይጨመቅም፣ መሄጃም የለው። ስለዚህ በመስመሩ ላይ ደካማውን ቦታ ፈልጎ ይሰብራል። ስንጥቁ ብዙ ጊዜ በረዶው ከነበረበት ራቅ ብሎ የሚገኘው ለዚህ ነው።

በአሁኖቹ ካምፐሮች ውስጥ ያለው ፔክስ የሚባለው የፕላስቲክ ቱቦ ስለሚለጠጥ ብዙ ይችላል። የሚሰበሩት መገጣጠሚያዎቹ፣ የፓምፑ ራስ፣ የመጸዳጃው ቫልቭና የሻወሩ ሙቅና ቀዝቃዛ ማደባለቂያ ናቸው። በረዶው እስካለ ድረስ ደግሞ ጠብ የሚል ነገር የለም። የሚያፈሱት በሜይ ወር፣ ልጆቹን ጭነው የመጀመሪያውን ጉዞ ሊጀምሩ ውሃ ሲከፍቱ ነው።

እኔ በመጀመሪያው ዓመት ሁሉንም ጨረስኩ ብዬ በውጭ በኩል ያለችውን ትንሽ ሻወር ረሳኋት። በጎን ግድግዳ ላይ መዳፍ በምታህል በር የተከደነች ስለሆነች መኖሯም ትዝ አላለኝም። በጸደይ ፓምፑን ሳበራ ከቁም ሣጥኑ ጀርባ ቆርቆሮ ላይ የሚወርድ ዝናብ የመሰለ ድምፅ ሰማሁ። መብራት ይዤ ስገባ የግድግዳው ስስ ጣውላ ወጥ እንደጠጣ እንጀራ ለስልሶ በእጄ ተቆረሰ። የተሰበረችው ዕቃ የጣት ያህል ናት፤ ግድግዳውን ለመሥራት ግን አንድ ወር ፈጀብኝ። ከዚህ በታች የምዘረዝረው ሁሉ ያቺን የምትረሳ አንዲት ቦታ ፍለጋ ነው።

ስንት ዲግሪ ሲሆን ነው መፍራት ያለብኝ?

ውሃ በ32 ፋራናይት፣ ማለትም በ0 ሴንቲግሬድ ይረጋል። ይሁን እንጂ ሌሊት ለአንድ ሰዓት ያህል 31 ስለገባ ቧንቧ አይፈነዳም፤ ካምፐሩ ቀን የሰበሰበው ሙቀት አለ፣ ውሃውም ሙቀቱን የሚለቀው ቀስ እያለ ነው። እኔ የምመራበት የልምድ መለኪያ ይህ ነው፦ ትንበያው ከ28 ፋራናይት (ከዜሮ በታች 2 ሴንቲግሬድ ገደማ) የወረደ ብርድ ለአራት ሰዓትና ከዚያ በላይ ይቆያል ካለ ውሃ የያዘ ካምፐር ደጅ አያድርም። ከወለሉ በታች ተጋልጠው የሚያልፉ ቱቦዎች ካሉት ከዚያም ቀድሜ እነሳለሁ።

ሰውን የሚያዘናጋው የአገር ቤት ልምዱ ነው። የአውሮራ ጎረቤት ዴንቨር ያለችው ከባሕር ወለል በላይ 1,609 ሜትር ላይ ነው፣ አዲስ አበባ ደግሞ ከ2,300 ሜትር በላይ። በከፍታ ብቻ ቢሆን ኖሮ የባሰውን ብርድ ትተን የመጣን እኛ ነን። ነገር ግን አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ስትሆን ዴንቨር 40 ዲግሪ አካባቢ ናት። ደብረ ብርሃን ያደገ ሰው በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ አዝመራ ሲያቃጥል አይቷል፤ ያ ውርጭ ግን የንጋት እንግዳ ነው፣ ፀሐይ ስትወጣ ተነሥቶ ይሄዳል። ሚኒሶታ ውስጥ በዲሴምበር የረጋ ውሃ እስከ ማርች ንቅንቅ ላይል ይችላል።

በየትኛው ወር ልሥራው?

ዴንቨር አካባቢ የመጀመሪያው ውርጭ ብዙውን ጊዜ የሚመጣው ኦክቶበር እንደገባ ነው። እኔ ምልክቴን ከቤተ ክርስቲያን ወስጃለሁ፤ ደመራ በተለኮሰ ማግስት ባለው ቅዳሜ አንቲፍሪዙን፣ ማለትም መስመሩ ውስጥ ገብቶ በረዶ እንዳያፈነዳው የሚከላከለውን ፈሳሽ፣ እገዛለሁ። ተራራ ላይ ለሚያሳድሩት ግን ይህም ይዘገያል።

ሰማዩ ደግሞ ቀጠሮ አያከብርም። በ2020 ሴፕቴምበር 5 ቀን ዴንቨር ውስጥ ሙቀቱ 101 ፋራናይት (38 ሴንቲግሬድ) ደርሶ ነበር። ከሦስት ቀን በኋላ፣ ሴፕቴምበር 8 ቀን፣ በረዶ ጣለ። በእኛ አቆጣጠር ጳጉሜን 3 መሆኑ ነው፤ እንቁጣጣሽ እንኳ ገና አልደረሰም። ያን ሰሞን ውሃውን በጨለማ፣ በዝናብ ካፖርት ያፈሰስነው ጥቂት አልነበርንም። ድንገት እንዲህ ከመጣብዎ ሙሉውን ሥራ ለመሥራት አይሞክሩ፤ ታንከሩን፣ ቦይለሩንና ከታች ያሉትን ማፍሰሻዎች ብቻ ከፍተው፣ የቧንቧ ራሶቹን ሁሉ ከፍተው ይደሩ። ባዶ የሆነ ቱቦ አይፈነዳም።

የምኖረው ሞቃቱ ቴክሳስ፣ ዳላስ ነው። እኔንም ይመለከተኛል?

በፌብሩዋሪ 16 ቀን 2021 ዳላስና ፎርት ወርዝ ውስጥ ብርዱ ከዜሮ በታች 2 ፋራናይት (ከዜሮ በታች 19 ሴንቲግሬድ) ገብቶ ነበር፤ ያውም መብራት ተቋርጦ። ይመለከትዎታል።

ምን ምን ያስፈልገኛል?

ሮዝ ቀለም ያለው የካምፐር አንቲፍሪዝ፣ ለትንሽ ካምፐር ሁለት ወይም ሦስት ጋሎን (አንዱ ጋሎን 3.8 ሊትር ነው)። ለቦይለሩ ቡሎን የሚሆን መፍቻ፣ ባልዲ፣ ካቻቢቴ፣ ቴፍሎን፣ የእጅ ባትሪ፣ ጨርቅ። ፓምፑ አንቲፍሪዙን ከዕቃው ላይ እንዲስበው የሚያደርግ አጭር ቱቦ ከሌለዎ እሱንም ይጨምሩ። ከዚህ በላይ የሚሸጥልዎትን ሁሉ በጥርጣሬ ይዩት።

ለመኪናዬ የገዛሁት አንቲፍሪዝ ጋራዥ ውስጥ አለ። እሱን ብጠቀምስ?

በፍጹም። የመኪናው ብዙውን ጊዜ ኤትሊን ግላይኮል ነው፤ መርዝ ነው፣ ያውም ጣፋጭ መርዝ። ውሻና ድመት ጣፋጭነቱ ስቧቸው ልሰው ይሞታሉ፣ ለሕፃንም ያው ነው። ያንን ልጅዎ ጥርሱን በሚቦርሽበት መስመር ውስጥ ማስገባት የለብዎትም። ለካምፐር የሚሆነው ፕሮፒሊን ግላይኮል ነው። በቀለሙ ብቻ አይመኑ፤ ሮዝ ቀለም ያላቸው የመኪና አንቲፍሪዞችም በገበያ አሉ። ጽሑፉን ያንብቡ፣ ለመጠጥ ውሃ መስመር የተሠራ መሆኑ መጻፍ አለበት።

ዋጋቸው ረከስ ያሉት አንዳንዶቹ አልኮል የተቀላቀለባቸው ናቸው። አልኮሉ ጎሚኒዎችን ያደርቃል፣ ሽታውም ቶሎ አይለቅም፣ እሳትም ይይዛል። እኔ ለጥቂት ዶላር ብዬ አልገዛቸውም።

በዕቃው ላይ የሚያዩት “ከዜሮ በታች 50” የሚለው ቁጥር ደግሞ በፋራናይት ሲሆን፣ ቱቦ እንዳይፈነዳ የሚከላከልበት ልክ ነው። ፈሳሹ ከዚያ በጣም ቀደም ብሎ እንደ ገንፎ ይወፍራል፤ ሲወፍር ግን እንደ በረዶ ደርቆ አይገፋም። ስለዚህ በጃንዋሪ ሲፎኑ (ከሲንኩ ሥር ያለው ጠማማ ቱቦ) ውስጥ ሮዝ ገንፎ ቢያዩ አይደንግጡ። ውሃ ግን አይቀላቅሉበት፤ ሲሸጥ ተበጥብጦ ያለቀ ነው። በመስመሩ ውስጥ የቀረ ውሃ እንኳ ያቀጥነዋል፣ ቀድሞ በደንብ ማፍሰስ ያስፈለገውም ለዚህ ነው።

ሥራውን ከየት ልጀምር?

ከቆሻሻው። የመጸዳጃውንና የእጣቢውን ታንከር ለዚህ በተፈቀደ ማስወገጃ ጣቢያ ባዶ ያድርጉ፤ መንገድ ዳር ማፍሰስ ነውርም ነው፣ ያስቀጣልም። ከዚያ የንጹሕ ውሃውን ታንከር ማፍሰሻ ይክፈቱ። ውሃው እየወረደ እያለ ወደ ቦይለሩ ይሂዱ፤ ስለ እሱ ቀጥሎ ለብቻው እጽፋለሁ።

አሁን ከካምፐሩ ሥር ይንበርከኩ። ከወለሉ በታች ወደ መሬት የሚያዩ ሁለት አጫጭር ቱቦዎች አሉ፣ ብዙውን ጊዜ አንዱ ቀይ አንዱ ሰማያዊ፤ የሙቁና የቀዝቃዛው መስመር የመጨረሻ ዝቅተኛ ቦታዎች ናቸው። ክዳናቸውን ይክፈቱ፣ ውስጥ ገብተውም የቧንቧ ራሶችን ሁሉ ይክፈቱ። አየር ሲገባ የታችኛው ውሃ ይንጎደጎዳል። ውሃው ሲጨርስ ፓምፑን ለጥቂት ሰከንድ ብቻ ያብሩትና ሆዱ ውስጥ ያለውን ያስወጡት፤ በደረቁ ለረጅም ጊዜ እንዲሠራ አይተዉት። የውሃ ማጣሪያ ካለ ውስጡን ያውጡና ይጣሉት፤ በሚቀጥለው ዓመት አዲስ ይገባል።

ቀጥሎ ማፍሰሻዎቹንና የቧንቧ ራሶቹን ይዝጉ። የፓምፑን መሳቢያ ቱቦ አንቲፍሪዙ ዕቃ ውስጥ ይክተቱና ፓምፑን ያብሩ። አንድ በአንድ ይሂዱ፦ የኩሽናውን ቀዝቃዛ ይክፈቱ። መጀመሪያ ትፍ ትፍ ይላል፣ ከዚያ ጥርት ያለ ውሃ፣ ከዚያ የተማሰለ የሚመስል ፈዛዛ ሮዝ፣ በመጨረሻ ደማቁ ይመጣል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ፈዛዛው ላይ ነው፤ ፈዛዛው ውሃ የተቀላቀለበት ነው፣ እስኪደምቅ ይጠብቁ። ከዚያ ሙቁን፤ ከዚያ የመታጠቢያ ቤቱን ሁለቱንም፣ የሻወሩን ሁለቱንም፣ የመጸዳጃውን መርገጫ። ሙቁን መክፈት የሚረሳ አለ፣ “ቦይለሩን ዘግቼዋለሁ እኮ” ይላል። ቦይለሩ ተዘጋ እንጂ የሙቁ ውሃ ቱቦ እዚያው አለ።

ዕቃው ሲያልቅ ፓምፑ አየር እንዳይስብ ቶሎ አጥፍተው ሁለተኛውን ይተኩ። ረዳት ካለ ይህ የሁለት ሰው ሥራ ነው። የእኔ ትንሽ ልጅ ውስጥ ቆማ “ሮዝ!” እያለች ትጮሃለች፣ እኔ ፓምፑ ዘንድ ተኝቼ ዕቃ እለውጣለሁ።

ቦይለሩን ምን ላድርገው?

ጥያቄዎች ሁሉ ከሚበዙበት ቦታ ደረስን። በትንሽ ካምፐር ውስጥ ያለው ቦይለር ብዙውን ጊዜ 6 ጋሎን፣ ወደ 23 ሊትር ነው የሚይዘው። ይህን በአንቲፍሪዝ መሙላት ገንዘብ መበተን ነው። ቦይለሩን ባዶ አድርጎ ከመስመር ማስወጣት ይሻላል።

መጀመሪያ ጋዙንም ኤሌክትሪኩንም ያጥፉ። ከዚያ ይጠብቁ፤ ማታ አጥፍተው ጠዋት ቢሠሩት ይመረጣል። ውስጡ ያለው ውሃ ትኩስና የታፈነ ነው፣ ቡሎኑን ቸኩሎ የፈታ ሰው ፊቱን ይቃጠላል። ከቀዘቀዘ በኋላ ፓምፑን አጥፍተው፣ አንድ የሙቅ ውሃ ቧንቧ ከፍተው ግፊቱን ያስተንፍሱ። በውጭ በኩል ያለውን በር ከፍተው ከላይ ያለችውን የግፊት መልቀቂያ ምላስ ያንሡ። አሁን ከታች ያለውን ቡሎን ቀስ ብለው ይፍቱ፤ ከፊት ለፊቱ አይቁሙ፣ ጎን ይሁኑ።

ሰበርባን የሚባለው ዓይነት ከሆነ ቡሎኑ ብቻውን አይመጣም፤ አኖድ የሚባል ረጅም ዘንግ ተያይዞ ይወጣል። ይህ ዘንግ የታንከሩ ብረት እንዳይዝግ በእሱ ፋንታ ራሱን የሚያስበላ ነው። አዲስ ሳለ የሻማ ያህል ድፍን ነበር፤ ከሁለት ሦስት ዓመት በኋላ ምስጥ የበላው እንጨት ይመስላል፣ በመሐሉ ያለው ቀጭን ሽቦ ይታያል። ከሦስት አራተኛው በላይ ከተበላ ይለውጡት። አትውድ የሚባለው (በኋላ ዶሜቲክ በሚል ስም የሚሸጠው) ታንከሩ አሉሚኒየም ስለሆነ አኖድ የለውም፣ የማፍሰሻው ቡሎንም ፕላስቲክ ነው፤ ስለዚህ ሲመልሱት ጉልበት አያብዙበት።

ውሃው ከወረደ በኋላ ቀጭን ቱቦ አስገብተው ቢያጥቡት ነጭ ደቃቅ ጠጠር ይወጣል። የውሃው ኖራ ነው፤ በጀበና ውስጥ የሚጋገረው ዓይነት።

ቀጥሎ ከቦይለሩ ጀርባ፣ በካምፐሩ ውስጥ በኩል፣ የማለፊያ ቫልቮቹን ያገኛሉ። በአንዳንዱ ካምፐር አንድ፣ በሌላው ሁለት ወይም ሦስት ናቸው። ሥራቸው አንድ ነው፦ ቀዝቃዛው ወደ ቦይለሩ ሳይገባ በቀጥታ ወደ ሙቁ መስመር እንዲያልፍ ማድረግ። እጀታው ከቱቦው ጋር ሲሄድ ክፍት፣ ሲያቋርጠው ዝግ ነው። ወደ ቦይለሩ የሚገባውንና የሚወጣውን ይዝጉ፣ በመሐል ያለውን ይክፈቱ። ከመንካትዎ በፊት በስልክዎ ፎቶ ያንሡት፤ በጸደይ ያመሰግኑኛል።

ባዶ ቦይለር ላይ ኤሌክትሪኩን ያበራ ሰው የማሞቂያውን ብረት በደቂቃዎች ያቃጥላል። እኔ ማብሪያው ላይ ቀይ ክር አስራለሁ።

አንቲፍሪዙን ንጹሕ ውሃው ታንከር ውስጥ ብጨምረው አይቀልም?

ይቀላል፣ ግን ያባክናል። ታንከሩ ተፈሰሰ ሲባልም ታችኛው ላይ የሚቀር ውሃ አለ፤ ያ ውሃ አንቲፍሪዙን ያቀጥነዋል፣ ፓምፑም እስከ መጨረሻው አይስበውም። በጸደይ ደግሞ ታንከሩን ደጋግሞ ማጠብ አለ። ፓምፑ አጠገብ ባለ ሦስት መንገድ ቫልቭና ቱቦ ማስገባት የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው። ያንንም ካልፈለጉ የፓምፑን መግቢያ ቱቦ በእጅ ፈትተው ሌላ ቱቦ ይግጠሙበት፣ ሲጨርሱ ይመልሱት።

በኮምፕሬሰር አየር ነፍቼ ባስወጣውስ?

ይቻላል፤ ካምፐሩን ለሚሸጡ ወይም የአንቲፍሪዙን ጣዕም ለሚጠሉ ጥሩ መንገድ ነው። ከካምፕ ቦታው ቧንቧ ጎማ በሚሰካበት አፍ ላይ ትንሽ የብረት ማገናኛ ይገጠምና አየሩ ይገባል። ግፊቱን ከ40 ፒ.ኤስ.አይ. (በኮምፕሬሰሩ ላይ የሚነበበው የግፊት መለኪያ) አያሳልፉ። ጎሚስታ ቤት እንዳለው ኮምፕሬሰር እስከ 100 ከለቀቁት መገጣጠሚያዎቹን ይበታትናቸዋል፤ በረዶው ሊያደርግ የነበረውን እርስዎ አደረጉት ማለት ነው። ቧንቧዎቹን አንድ በአንድ ይክፈቱ፣ ጉም ብቻ እስኪወጣ።

አየር ግን ጎድጓዳ ቦታ ላይ የተኛን ውሃ ዘልሎት ያልፋል። ፓምፑና ሲፎኖቹ ውስጥ የሚቀረው አይወጣም። ስለዚህ በአየር ቢሠሩትም አንድ ጋሎን ሮዝ መግዛትዎ አይቀርም። እኔ ኮሎራዶ ላይ በአየር ብቻ አልተማመንም።

ሰው ብዙ ጊዜ የሚረሳው የትኛውን ነው?

የእኔን ነግሬያችኋለሁ፤ የውጪው ሻወር። በእሱም ላይ ሙቁንም ቀዝቃዛውንም መክፈት፣ የእጅ መያዣውንም ዝቅ አድርጎ ማንጠፍጠፍ።

ሁለተኛው ጎማ የሚሰካበት አፍ ነው። በውስጡ ውሃ ወደ ኋላ እንዳይመለስ የሚይዝ ትንሽ ቫልቭ አለ፣ ከጀርባውም የሚቀር ውሃ። ፓምፑን አጥፍተው አንድ ቧንቧ ከፍተው ግፊቱን ካስተነፈሱ በኋላ ወንፊቱን ያውጡና መሐል ያለችውን ነገር በካቻቢቴ ጫፍ ጫን ያድርጉ፤ ሮዝ ጠብታ ሲወጣ በቂ ነው። ግፊቱን ሳያስተነፍሱ የሚጫኑት ከሆነ መነጽር ያድርጉ።

ሦስተኛው ሲፎኖቹ ናቸው፤ በየሲንኩና በሻወሩ ወለል ላይ አንዳንድ ኩባያ ያፍስሱ። በመጸዳጃው ሳህን ውስጥም አንድ ኩባያ ይተዉ፣ ጎሚኒው እንዳይደርቅ። በቆሻሻ ታንከሩ ውስጥ ግማሽ ሊትር ያህል ከገባ የማውጫው ቫልቭ አይጣበቅም። ሲጨርሱ የቧንቧ ራሶቹን መሐል ላይ ክፍት አድርገው ይተዉ።

የእኔ ካምፐር በእጅ የሚነፋ ፓምፕና አንድ ሲንክ ብቻ ነው ያለው።

ዕድለኛ ነዎት። የውሃውን ጄሪካን ባዶ አድርገው ያውጡ፣ ፓምፑን አየር እስኪስብ ይንፉ፣ ግማሽ ሊትር ሮዝ አስገብተው እስኪወጣ ይንፉ፣ አንድ ኩባያ ሲፎኑ ውስጥ። ቡናው ሳይፈላ ይጨርሳሉ።

ይህን ሁሉ ከማደርግ በውስጡ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ባበራስ?

መብራት ሲሄድ ማሞቂያውም ይሄዳል፣ መብራት የሚሄደው ደግሞ ብርዱ የከፋ ቀን ነው። ሙቀቱም ወንበሩ ሥርና ቁም ሣጥኑ ጀርባ አይደርስም፤ ቱቦዎቹ ያሉት እዚያ ነው። ሰው በሌለበት የሚበራ ማሞቂያ የእሳት ነገርም አለበት።

ጋራዥ ወስጄ ባሠራውስ?

ያሠሩት። ነገር ግን ሲረከቡ ሙቁንና ቀዝቃዛውን ለአንድ ሰከንድ ከፍተው ሮዝ መሆኑን ይዩ፣ ስለ ውጪው ሻወርም ይጠይቁ። የመድን ውልዎንም ያንብቡ፤ ብዙ ውሎች በረዶ ያፈነዳውን ቧንቧ ባለቤቱ ባለመጠንቀቁ የደረሰ ጉዳት አድርገው ይቆጥሩታል።

ዘግይቼ ነበር፣ ሌሊቱን ረግቶ አደረ። አሁን ምን ላድርግ?

ፓምፑን አያብሩ። በረዶ በወተፈው መስመር ላይ ግፊት መጨመር ነው። በችቦ ወይም በጋዝ ነበልባልም አያቅልጡ፤ ፕላስቲክም ጣውላም ነው ያለው። የቧንቧ ራሶቹን ከፍተው፣ የቁም ሣጥኖቹን በሮች ከፍተው፣ እርስዎ ባሉበት ውስጡን ቀስ ብለው ያሙቁ፣ ወይም ፀሐይ እስኪያገኘው ይጠብቁ።

ሲቀልጥ ታንከሩ ውስጥ ጥቂት ውሃ ጨምረው፣ ሁሉንም ቧንቧ ዘግተው ፓምፑን ያብሩና ጆሮዎን ይስጡ። ጤነኛ መስመር ከሆነ ፓምፑ ትንሽ ያንጎራጉርና ጸጥ ይላል። በየጥቂት ሰከንዱ ደጋግሞ እየተነሣ “ድር... ድር...” የሚል ከሆነ የሆነ ቦታ ያፈሳል። ባትሪዎን ይዘው ከፓምፑ ጀምረው መገጣጠሚያዎቹን በደረቅ ሶፍት ይዳስሱ፤ ዓይን የማያየውን ጠብታ ሶፍቱ ያሳያል።

በብርድ ወራት መሐል መውጣት ብፈልግስ?

ይውጡ። መስመሩን ግን አይንኩት። የሚጠጡትንና የሚያበስሉበትን ውሃ በጄሪካን ይያዙ፣ መጸዳጃውን በራሱ በአንቲፍሪዙ ያጥቡት፣ ዕቃ ያጠቡበትን ውሃ በባልዲ ይቀበሉ። ይህንኑ አድርገን የገናን ዋዜማ ካምፐር ውስጥ አሳልፈናል፤ ዶሮው የተሠራው ግን ቤት ነው።

ከውሃው ሌላ የሚቀዘቅዝ ነገር አለ?

ባትሪው። ቻርጁ ያለቀበት የአሲድ ባትሪ በ20 ፋራናይት አካባቢ ይረጋል፤ ሙሉ የሆነው ግን እንዲህ በቀላሉ አይረጋም። ሞልተው ገመዱን ይንቀሉት ወይም ቤት ያስገቡት። ሊቲየም ከሆነ ከ32 በታች ቻርጅ አያድርጉት።

በጸደይ እንዴት እመልሰዋለሁ?

የሌሊቱ ውርጭ ማለፉን እርግጠኛ ሲሆኑ፤ እኔ ፋሲካ ስላለፈ ብቻ አላምንም። ታንከሩን ንጹሕ ውሃ ሞልተው በየቧንቧው ሮዙ እስኪጠፋ ያፍስሱ። አረፋ ይበዛዋል፣ ይጠፋል። እጣቢው ታንከር ውስጥ የገባውን በማስወገጃ ጣቢያ ያውጡት።

ቀጥሎ በረኪና። ሽታ ያልተጨመረበትን ይምረጡ፤ ለ15 ጋሎን (57 ሊትር) ውሃ ሩብ ኩባያ፣ 60 ሚሊ ሊትር ገደማ፣ ነው ልኩ። በባልዲ ውሃ በጥብጠው ታንከሩ ውስጥ ይጨምሩ፣ ታንከሩን ይሙሉ፣ በየቧንቧው ሽታው እስኪመጣ ይክፈቱና ይዝጉ። ሦስት አራት ሰዓት ይቆይ። ከዚያ ባዶ አድርገው ሞልተው፣ ባዶ አድርገው ሞልተው፣ ሽታው እስኪለቅ ያጥቡ።

የቦይለሩን ቡሎን ይመልሱ፤ ብረት ከሆነ ቴፍሎን ጠቅልለው። ያነሡትን ፎቶ አውጥተው ቫልቮቹን ወደ ቀድሞ ቦታቸው ይመልሱ፣ የሙቁን ቧንቧ ከፍተው ውሃ ያለማቋረጥ እስኪወርድ ይጠብቁ። አየር እያስነጠሰ ከሆነ ቦይለሩ ገና አልሞላም። ከሞላ በኋላ ቀዩን ክር ይፍቱ።

የመጨረሻው ፈተና በእኛ ቤት ቡና ነው። በዚያ ውሃ አንድ ጀበና ይጣላል። የቀረ በረኪናም ሆነ አንቲፍሪዝ ካለ አቦሉ ላይ ይታወቃል፤ ባለቤቴ አንድ ጊዜ ፉት ብላ ሲኒውን ካስቀመጠችው ታንከሩን እንደገና አጥባለሁ።